በአናታችን የሚያልፈው ኮከብ፦ ከእንጦጦ ሆኖ የደብዛዛ ጋላክሲዎችን ኬሚስትሪ ማጥናት

ኤችዲ 122563 የሚባለው ኮከብ ድምቀቱ 6.2 ማግኒቲውድ ነው (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል)። በባዶ ዓይን ለመታየት ለጥቂት ያንሳል፤ ተራ ባይናኩላር ግን ያገኘዋል። ከሰማይ ወገብ (የምድር ወገብ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ የሚሠራው ክብ) በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ላይ ስለሚገኝ፣ ወደ 9 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ ሰሜን ላይ ካለው ከእንጦጦ ለሚመለከት ሰው ከአናቱ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ያልፋል። በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ ቀና ብሎ ማየት ነው። በውስጡ ያለው ብረት ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር በ400 እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ብረት ያነሳቸውን የጥንት ከዋክብት የሚያጠኑ ባለሙያዎች መሣሪያቸውንም ስሌታቸውንም ከሚፈትኑባቸው ከዋክብት ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው።

ከእሱ ወደ ሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ሲባል፣ ሰማዩ ላይ እኩል በሚያልፉበት መስመር፣ ቡትስ 1 የምትባል ድንክ ጋላክሲ አለች። በ2006 የተገኘች ናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ርቀቷ ከ200 ሺህ የብርሃን ዓመት ይበልጣል። ብሩሁ ኮከብና ደብዛዛዋ ጋላክሲ መጎራበታቸው የአቅጣጫ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ለእኛ ግን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰዓት፣ የአየሩ ሽፋን እጅግ ስስ በሚሆንበት ቦታ ሁለቱም ይመጣሉ።

ስለ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሲወራ ሁለት ዓይነት አነጋገር አዘውትሮ ይሰማል። አንዱ ሁሉም ነገር ከዚያ ይታያል ይላል፤ ሌላው በ1 ሜትር ቴሌስኮፕ ምንም ቁም ነገር አይሠራም ይላል። ሁለቱም ስሌት ያልገባበት ወሬ ነው። ስሌቱን እንሥራው።

መጀመሪያ ግን ጋላክሲዎቹ ራሳቸው። «እጅግ ደብዛዛ» የሚባሉት ድንክ ጋላክሲዎች የከዋክብታቸው ብርሃን ሁሉ ተደምሮ 100 ሺህ ፀሐዮችን የማያክሉ ናቸው። በአሰድ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ 75 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቃ ያለችው ሰግዌ 1 ደግሞ ጥቂት መቶ ፀሐዮችን ብቻ ነው የምታክለው። አንድ የደረሰ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ብቻውን ከዚህች ጋላክሲ ሊበልጥ ይችላል። በ2014 በሀብል ቴሌስኮፕ ስድስት እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች ተጠንተው፣ አብዛኞቹ ከዋክብታቸው ጽንፈ ዓለሙ ገና የመጀመሪያውን አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሳይሻገር እንደተወለዱ ታይቷል። ከዚያ በኋላ ጋዛቸው ሞቆና ተበትኖ ምርቱ ቆመ። የቀሩት ከፀሐይ ትንሽ ያነሰ ክብደት ያላቸው፣ ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ መኖር የሚችሉ ከዋክብት ናቸው። የላይኛው ንብርብራቸው የተወለዱበትን ጋዝ ድብልቅ ሳያዛባ ይዞ ቆይቷል። ካርቦንና ናይትሮጅን ግን ኮከቡ ወደ ቀይ ግዙፍነት ሲያድግ ከውስጥ በሚመጣ ቅልቅል ይለወጣሉ፤ ስለዚህ እነሱ እርማት ይፈልጋሉ።

የእነዚህ ጋላክሲዎች ዋጋ እዚህ ላይ ነው። በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ የተበተነ አንድ አሮጌ ኮከብ ስናገኝ የትውልድ ቦታውን አናውቅም። በድንክ ጋላክሲ ውስጥ ግን ጋዙ ትንሽ፣ የፈነዱት ሱፐርኖቫዎች (በፍንዳታ የሚጠፉ ከዋክብት) ጥቂት ስለነበሩ፣ አንድ ፍንዳታ የጣለው አሻራ በሌሎች ሳይድበሰበስ ይገኛል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ስፔክትሮግራፍ የኮከቡን ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ዘርዝሮ ስፔክትረም ያወጣል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የሞገድ ርዝመት ላይ ብርሃን ስለሚውጥ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ የመስመሩ ጥንካሬ የንጥረ ነገሩን መጠን ይነግራል። ድምቀቱ 0 ማግኒቲውድ የሆነ ኮከብ በ5,500 አንግስትረም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ፣ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) አካባቢ በእያንዳንዱ ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትርና ለእያንዳንዱ አንግስትረም 1,000 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ያህል ያደርሳል። በደብዛዛ ጋላክሲዎች ውስጥ ለዝርዝር ጥናት የሚመረጡት ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ብዙዎቹ ከ17 እስከ 19 ማግኒቲውድ ናቸው፤ 18ን እንውሰድ። የፎቶኑ ቁጥር ወደ 0.000063 ይወርዳል። የ1 ሜትር መስተዋት ስፋት 7,850 ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው። የስፔክትሮግራፉ አንድ ፒክስል 0.05 አንግስትረም ይሸፍናል እንበል፤ ከመስተዋቱ እስከ ሲሲዲው (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራ ቺፕ) ድረስ ከመጣው ብርሃን 10 በመቶው ይተርፋል፤ ይህ ለጥሩ ኢሼል (ብርሃኑን በጣም በዝርዝር የሚበትን) ስፔክትሮግራፍ ደግ ግምት ነው። ሲባዛ በአንድ ፒክስል በሰዓት 9 ፎቶን ያህል ይሆናል። በሰዓት እንጂ በሰከንድ አይደለም።

የሲግናልና የኖይዝ ምጥጥኑ (የኮከቡ ምልክት ከሚያውከው መዋዠቅ ስንት እጥፍ እንደሆነ) 30 እንዲሆን፣ የፎቶን ኖይዝ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነውና፣ 900 ፎቶን ያስፈልጋል። ስለዚህ 100 ሰዓት ነው ብሎ የሚያቆም ሰው ግማሹን ነው ያሰበው። ሲሲዲው በተነበበ ቁጥር በእያንዳንዱ ፒክስል 3 ኤሌክትሮን ያህል የንባብ ኖይዝ ይጨምራል። የኮከቡ ብርሃን ደግሞ በስንጥቁ (ብርሃኑ ወደ ስፔክትሮግራፉ በሚገባበት ቀጭን ክፍት) ቁመት በኩል 5 ፒክስል ያህል ይዘረጋል። 3 በ3 ሲባዛ 9፣ ለአምስቱ ፒክስል 45። በአንድ የአንድ ሰዓት ኤክስፖዠር ምልክቱ 9፣ ኖይዙ የ54 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 7.3 ነው፤ ምጥጥኑ ከ1 ብዙም አያልፍም። 30 ለመድረስ ከ600 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ደመና ያልነካው ሌሊት 9 ሰዓት ቢያሠራ፣ ከሁለት ወር በላይ ለአንድ ኮከብ ብቻ ማለት ነው። የሰማዩን ብርሃን ገና አልደመርኩም። ይኸው ኮከብ በቺሊው ላስ ካምፓናስ ባለው በ6.5 ሜትሩ ማጄላን ቴሌስኮፕ ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ መስተዋቱ በስፋት 42 እጥፍ ነውና። በሰዓት 376 ፎቶን ሲመጣ የንባብ ኖይዙ ከቁጥር አይገባም።

ኤችዲ 122563ን ደግሞ በዚያው ቀመር እናስላው። በ1 ሜትር ቴሌስኮፕ በአንድ ፒክስል በሰከንድ 130 ፎቶን ይደርሳል። ምጥጥኑ 200 ለመድረስ 5 ደቂቃ ይበቃል። እንግዲህ ድንበሩ ይኸው ነው፦ የጋላክሲዎቹን ከዋክብት በዝርዝር ከእንጦጦ መመርመር አይቻልም፤ የሚለኩበትን ሚዛን ግን ከእንጦጦ መመርመር ይቻላል። የጋላክሲዎቹን ከዋክብት ስፔክትረም ደግሞ ከሕዝብ ማኅደር አውርዶ፣ ያንኑ ሚዛን ተጠቅሞ እዚሁ ማንበብ ይቻላል።

ኢላማ ሲመረጥ የሰማዩ አቀማመጥም ይታሰብ። ሰግዌ 1 ከሰማይ ወገብ 16 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነች ከእንጦጦ 83 ዲግሪ ከፍታ ላይ ታልፋለች፤ ወቅቷ የካቲት ነው። የሚያዝያዋ ቡትስ 1 በ85 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ታልፋለች፤ በበልግ ደመና መካከል ክፍተት መጠበቅ ግን ግድ ነው። በዚህ ዘርፍ ዝነኛዋ ሬቲኩለም 2 ከሰማይ ወገብ 54 ዲግሪ ደቡብ ናት። በኅዳር፣ ሰማያችን እጅግ በሚጠራበት ወር፣ ከፍ ብላ የምትደርሰው 27 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ 27 ዲግሪ ማየት በአዲስ አበባ መብራት ላይ አሻግሮ ማየት ነው።

የመብራቱን ነገር ትንሽ ላብራራ። የድሮዎቹ የሶዲየምና የሜርኩሪ መብራቶች ብርሃናቸውን በአብዛኛው በተወሰኑ መስመሮች ነው የሚያወጡት፤ ሜርኩሪ በ4,358 እና በ5,461 አንግስትረም ይታወቃል፤ እነዚያን ነጥቦች ዘሎ መሥራት ይቻላል። ነጩ ኤልኢዲ ግን 4,500 አንግስትረም አካባቢ ሰፊ ሰማያዊ ጉብታ አለው። የባሪየም ዋናው መስመር 4,554 ላይ ነው። ጉብታው መስመር ስላልሆነ ተቆርጦ አይወጣም፤ ከኮከቡ ብርሃን ስር እንደ ወለል ይነጠፋል፤ ካልተቀነሰ የባሪየሙን መስመር ከእውነቱ ያነሰ ጥልቀት ይሰጠዋል። ለ6 ማግኒቲውድ ኮከብ ይህ ምንም አይደለም። ለ18 ማግኒቲውድ ግን ባሪየም አነሰ የሚል የሐሰት ውጤት ያስወልዳል። ስለዚህ ከኮከቡ ግራና ቀኝ ባዶ ሰማይ የሚገባበት ረዘም ያለ ስንጥቅ ያስፈልጋል።

በ27 ዲግሪ ከፍታ የሚታለፈው አየር በአናት ላይ ካለው 2.2 እጥፍ ነው። አየሩ ብርሃኑን እንደ ቀለሙ ስለሚያጎብጥ፣ በእንጦጦ ከፍታ እንኳ (ወደ 3,200 ሜትር) የ4,000 እና የ6,000 አንግስትረም ምስሎች 1.5 አርክሰከንድ ያህል ይራራቃሉ። ስንጥቁ 1 አርክሰከንድ ቢሆንና ቀዩን መሐል ብናደርግ ሰማያዊው ከስንጥቁ ውጭ ይወድቃል። መፍትሔው ስንጥቁን ወደ አድማስ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማዞር ነው፤ ኮከቡ ልክ ደቡብ ላይ ሲሆን ይህ የሰሜን-ደቡብ አቅጣጫ ነው።

በአናት የሚያልፍ ኮከብም የራሱ ጣጣ አለው። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ በከፍታና በዙሪያ የሚንቀሳቀስ ዓይነት ከሆነ፣ ኮከቡ ለአናት በተጠጋ ቁጥር የዙሪያ ሞተሩ እየፈጠነ መዞር አለበት። ከአናት 0.6 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 0.4 ዲግሪ ያህል ይጠየቃል፤ ሞተሩ ቢችል እንኳ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር፣ ኮከቡ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናት የሚያልፈውን መስመር ከማለፉ 20 ደቂቃ በፊት አቁሞ ካለፈ 20 ደቂቃ በኋላ መቀጠል ከአናት 5 ዲግሪ ያርቃል። የሚታጣው የአየር ጥራት ኢምንት ነው።

ሲሲዲውን ማጽዳት፣ ኮስሚክ ሬይ ማውጣት፣ በቶሪየም-አርገን መብራት የሞገድ ርዝመቱን መወሰን፤ ይህ ሁሉ የታወቀ ሥራ ስለሆነ አልዘገይበትም። አንድ ነገር ብቻ፦ የመብራቱን ኤክስፖዠር ከኮከቡ በፊትም በኋላም ውሰዱ፤ የእንጦጦ ሌሊት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ስፔክትሮግራፉ ይሸሻል።

ቀጥሎ የኮከቡ ፍጥነት ይመጣል። ሰግዌ 1 በሰከንድ 208 ኪሎ ሜትር ያህል ከፀሐይ ትርቃለች። በ5,000 አንግስትረም ላይ ይህ 3.5 አንግስትረም ሽሽት ነው። ፍጥነቱ የመጀመሪያው የአባልነት መታወቂያም ነው፤ የጋላክሲዋ ከዋክብት እርስ በርስ የሚለያዩት በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከፊት የቆሙት የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት አብዛኞቹ ወዲያው ይለያሉ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ ረስቶ እርማቱን ያልጨመረ ሰው የገዛ ኮከቡን ከጋላክሲው ያስወጣዋል። ከ2018 ወዲህ የጋያ ሳተላይት የሰማይ ላይ እንቅስቃሴ መለኪያ ሲጨመር የአባልነቱ ጥያቄ በጣም ቀሏል።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ኮንቲንየም ማለት መስመር ባይኖር ኖሮ ብርሃኑ የሚቆምበት ከፍታ ነው፤ የመስመሩ ጥንካሬ የሚለካው ከዚያ ወደ ታች የጎደለውን ብርሃን በመደመር ነው፤ ውጤቱም በሚሊ አንግስትረም ይጻፋል። ብረት ያነሰው ኮከብ መስመሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ኮንቲንየሙን ማስመር ቀላል ይመስላል። በምጥጥን 200 እውነት ነው። በምጥጥን 20 ግን ኖይዙ ራሱ መስመር ይመስላል፤ ዓይን ደግሞ ወደ ላይ የወጡትን ጫፎች ተከትሎ ኮንቲንየሙን ከፍ ማድረግ ይወዳል። ከታች እስከ ላይ 0.3 አንግስትረም ስፋት ባለው መስመር ላይ ኮንቲንየሙ በ1 በመቶ ቢሳት የመስመሩ ጥንካሬ በ3 ሚሊ አንግስትረም ይለወጣል። ለ60 ሚሊ አንግስትረም መስመር ከቁብ አይቆጠርም። ለ6 ሚሊ አንግስትረም መስመር ግማሹ ነው። ጥሩው ልማድ የሰው ሠራሽ ስፔክትረሙን (በኮምፒውተር የተሰላውን) ከላይ አስቀምጦ፣ ኮንቲንየሙን ቢያንስ በ10 አንግስትረም ስፋት ውስጥ ባሉ ባዶ ቦታዎች አማካይ ላይ ማሳረፍ ነው፤ በጫፎቹ ላይ አይደለም።

የስሕተቱን መጠን አስቀድሞ የሚነግር የካይሬል ቀመር አለ፦ የመስመሩ ጥንካሬ ስሕተት ማለት 1.5 ሲካፈል ለምጥጥኑ፣ ሲባዛ በመስመሩ ወርድና በፒክስሉ ብዜት ስኩዌር ሩት። የመለየት አቅሙ (የሞገድ ርዝመቱ መለየት ለሚቻለው ትንሹ ልዩነት ሲካፈል) 28,000 በሆነ ስፔክትሮግራፍ በ4,500 አንግስትረም ላይ የመስመሩ ወርድ 0.16 ነው። 0.16 በ0.05 ሲባዛ 0.008፤ ስኩዌር ሩቱ 0.089። ምጥጥኑ 20 ሲሆን ስሕተቱ 6.7 ሚሊ አንግስትረም ይወጣል። ሦስት እጥፍ ካልሆነ አላመንኩም ካልን፣ ከ20 ሚሊ አንግስትረም በታች ያለ መስመር አለ ማለት አንችልም። የኮንቲንየሙ ስሕተት በዚህ ውስጥ የለበትም፤ ለብቻው ይደመራል።

ስፔክትረሙን ወደ ንጥረ ነገር መጠን ለመለወጥ የኮከቡ የሙቀት መጠን፣ የገጽ ስበቱና የጋዙ ንውጽውጽታ መታወቅ አለባቸው። ሙቀቱን በ100 ኬልቪን ከፍ ብታደርጉ ከተራ የብረት አተም መስመሮች የሚወጣው ብረት በ0.1 ዴክስ ያህል ይጨምራል (ዴክስ የአሥር ሎጋሪዝም መለኪያ ነው፤ -3 ማለት ከፀሐይ አንድ ሺሕኛ ማለት ነው)። ሙቀቱን ከመስመሮቹ ብቻ ከማውጣት ጋያ ከለካው የኮከቡ ቀለም ማውጣት ይሻላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ብረት ባነሰበት ከባቢ ውስጥ አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያግደው ስለሌለ፣ የብረት አተሞች በአካባቢው ሙቀት ከሚገባው በላይ ኤሌክትሮናቸውን ያጣሉ። ተራው ስሌት ይህን ስለማያውቅ ብረቱን ከ0.1 እስከ 0.2 ዴክስ አሳንሶ ያወጣዋል። ኤሌክትሮን ካጣው ብረት የሚመጡት መስመሮች ይበልጥ ይታመናሉ፤ ችግራቸው ጥቂት መሆናቸው ነው።

ሌላው ወጥመድ በሰማያዊው በኩል ነው። መስመሮችን ወደ ንጥረ ነገር መጠን የሚለውጠው፣ ከ1973 ጀምሮ የሚታወቀው የክሪስ ስኔደን ሙግ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ይሠራል፤ የሚፈልገው የፎርትራን ኮምፓይለር ነው። ግን መደበኛው ቅጂ በአተሞች ላይ ነጥሮ የሚበተነውን ብርሃን እንደተዋጠ ይቆጥረዋል። ብረት ባነሰው ቀይ ግዙፍ ኮከብ ከ4,500 አንግስትረም በታች መበተኑ ትልቅ ድርሻ አለው። እርማቱን ያካተተውን የጄኒፈር ሶቤክን ቅጂ ያልተጠቀመ ሰው፣ ሰማያዊ መስመሮቹ ከቀዮቹ የበለጠ መጠን ሲሰጡት መስመሮቹን መጠራጠር ይጀምራል። ጥፋቱ የመስመሮቹ አይደለም።

ኤችዲ 122563 ወደ ሥራው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኮከቡ ብሩህና ቅርብ በመሆኑ ስፋቱ በኢንተርፌሮሜትር (የብዙ ቴሌስኮፖችን ብርሃን በሚያጣምር መሣሪያ) በቀጥታ ተለክቷል። በጋያ መለኪያ ከዋክብት ዝርዝር ውስጥ ሙቀቱ 4,587 ኬልቪን፣ የስበቱ ሎጋሪዝም 1.61፣ ብረቱ -2.64 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፔክትረሙም በነጻ ይወርዳል። ልምምዱ እንዲህ ይሁን። ሙቀቱንና ስበቱን ከዝርዝሩ ውሰዱ። ከ5 እስከ 100 ሚሊ አንግስትረም ያሉትን የብረት መስመሮች ለኩ፤ ከዚያ የጠነከሩት ለንውጽውጽታው ግምት ስለሚሸበሩ ይቅሩ። ከተራ የብረት አተም ያገኛችሁት ከ-2.64 በ0.1 ወይም በ0.2 ቢያንስ አትደንግጡ፤ ከላይ ያልኩት ጉዳይ ነው። ብታገኙት የሚያሳስበው ውጤት የደካሞቹና የጠንካሮቹ መስመሮች አለመስማማት ነው፤ ያኔ ንውጽውጽታውን ከ2 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ዙሪያ ከፍ ዝቅ አድርጉ።

ከዚያ ያንኑ ስፔክትረም አበላሹት። ሰው ሠራሽ ኖይዝ ጨምራችሁ ምጥጥኑን ወደ 20 አውርዱና ሁሉንም እንደ አዲስ ለኩ፤ መልሱን እንደማታውቁ ሆናችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ 18 ማግኒቲውድ ኮከብ የተጻፈ ሠንጠረዥ ስታነቡ የስሕተቱን ዓምድ መጀመሪያ ታያላችሁ። ይህን ልምምድ ከየትኛውም የመማሪያ ምዕራፍ አስበልጣለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን እንደሚያመጣ ሁለት ጋላክሲዎች ያሳያሉ።

ሬቲኩለም 2 በ2015 ተገኘች፤ ርቀቷ 100 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። አሌክሳንደር ጂ፣ አና ፍሬብልና ባልደረቦቻቸው በማጄላን ቴሌስኮፕ ዘጠኝ ከዋክብቷን መርምረው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰባቱ በዩሮፒየምና በባሪየም የተጥለቀለቁ ሆነው ተገኙ። ዩሮፒየሙ ከብረቱ ጋር ሲመዘን ከፀሐይ 50 እጥፍ ያህል ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት ኒውትሮን በጎርፍ ሲዘንብ በሰከንዶች ውስጥ ነው። ያን ያህል ዩሮፒየም ለማምጣት ተራ ሱፐርኖቫዎች ቢሆኑ አንድ ሺህ ያህል ያስፈልጉ ነበር፤ ያን ያህል ቢፈነዱ ደግሞ ብረቱም አብሮ ይወጣ፣ ትንሿ ጋላክሲም ጋዟን ሁሉ ታጣ ነበር። ስለዚህ አንድ ብርቅ ክስተት ነው፤ የሁለት ኒውትሮን ከዋክብት (ከሱፐርኖቫ የሚቀሩ እጅግ የታመቁ ከዋክብት) ግጭት ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ኦገስት 17፣ 2017 በስበት ሞገድ የታየው ግጭት እንዲህ ያለ ክስተት ከባድ ንጥረ ነገር እንደሚያመርት አሳየ። በጣም በፍጥነት የሚሽከረከር፣ ብርቱ ማግኔት ያለው ብርቅ ሱፐርኖቫም ሙሉ በሙሉ ከጥርጣሬ አልወጣም።

ከዘጠኙ የቀሩት ሁለቱስ? ብረታቸው ከሁሉም ያነሰው እነሱ ናቸው፤ ዩሮፒየምም ባሪየምም አልታየባቸውም። ይህ ለእኔ ከሰባቱ ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ከክስተቱ በፊት የተወለዱ ናቸው የሚለው ንባብ የቆመው ባልታየ መስመር ላይ ነው፤ ያልታየውም መስመሩ ስለሌለ እንጂ ስፔክትረሙ ስለደከመ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

ሰግዌ 1 ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። ፍሬብል፣ ጆሹዋ ሳይመንና ኢቫን ከርቢ በ2014 ያቀረቡት ጥናት ሰባት ቀይ ግዙፍ ከዋክብትን ያካትታል። ማግኒዥየሙና ካልሲየሙ ከብረት አንጻር በሁሉም ከፍ ያለ ነው፤ ዘግይተው የሚፈነዱት የነጭ ድንክ (ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ቅሪት) ሱፐርኖቫዎች ብረት ገና ሳይቀላቀል ከዋክብቱ ተወልደው አልቀዋል ማለት ነው። ስትሮንቲየሙና ባሪየሙ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከፀሐይ በ3,000 እጥፍ ያነሰ ብረት እያለው፣ ካርቦኑ ከብረቱ አንጻር 200 እጥፍ ነው። አንድ ሌላ ኮከብ ደግሞ ባሪየም በርከት ብሎበት ተገኝቷል፤ ይህ ግን ከጋላክሲዋ ጋዝ ሳይሆን ጥንድ ከሆነ ጓደኛው ኮከብ የፈሰሰለት ነው። ካርቦንና ባሪየም አብረው ከፍ ካሉ፣ ዩሮፒየሙ ግን ካልተከተለ፣ ጥንድ ኮከብ ጠርጥሩ፤ በተለያዩ ወራት ፍጥነቱን ለኩ። እንዲህ ያለውን ኮከብ ከጋላክሲዋ አማካይ ውስጥ ማስገባት ሙሉ ታሪኩን ያበላሻል፤ ሰባት ከዋክብት ባሉበት አንዱ ሰባተኛው እጅ ነውና።

ባልታየ መስመር ላይ ጣሪያ (ንጥረ ነገሩ ከዚህ አይበልጥም የሚል ቁጥር) ሲጻፍ የሚጠበቀው ይህ ነው። መስመሩ የትኛው እንደሆነ ይጠቀስ፦ ለባሪየም 4,554 ከሁሉ ይጠነክራል፤ 4,934 እና 6,141 ከብረት መስመር ጋር ይደራረባሉ፤ 6,496 ንጹሕ ቢሆንም ደካማ ነው። ለስትሮንቲየም 4,077 ይመረጥ፤ 4,215 ካርቦን በበዛበት ኮከብ በካርቦን-ናይትሮጅን ሞለኪውል ይሸፈናል። ለዩሮፒየም 4,129። ከዚያ ሰው ሠራሽ ስፔክትረሙን በተለያየ መጠን እየሠራችሁ፣ መስመሩ ከኖይዙ ሦስት እጥፍ ከፍ የሚልበትን የመጀመሪያውን መጠን አግኙ፤ ጣሪያው እሱ ነው። ኮንቲንየሙን በ1 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ከሁለቱ ከፍ ያለውን ጻፉ። ምጥጥኑንም በዚያው መስመር አጠገብ ለኩት እንጂ ለስፔክትረሙ ሁሉ አንድ ቁጥር አትስጡ፤ በ5,500 ላይ 30 የሆነው ምጥጥን በ4,100 ላይ 10 ሊሆን ይችላል፤ ቀይ ኮከብ ሰማያዊ ብርሃኑ ትንሽ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ጣሪያውን ባዶ አትተዉት፤ ዜሮም አትጻፉበት፤ «ያነሰ» የሚለውን ምልክት ከቁጥሩ ፊት አድርጉ፤ ከጎኑ መስመሩንና በዚያ ቦታ የተለካውን ምጥጥን አስፍሩ፤ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው በተሻለ ስፔክትረም ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።